የሙስታንግን የኋላ ሞላ፣ ሾክ አብዞርበርና ፓንሃርድ ባር በቤት ውስጥ መቀየር

ፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2014 ሞዴል ድረስ ያመረታቸው ሙስታንጎች ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኝ ድፍን አክስል አላቸው፤ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት አሠራር በሁሉም ሙስታንጎች ላይ የገባው ከ2015 ሞዴል ጀምሮ ነው። የቀድሞውን አሠራር ኋላ ቀር ነው የሚሉ ብዙዎች ቢሆኑም፣ በቤቱ ለሚሠራ ሰው ግን ይመቻል፤ ሞላውና የሞላውን መወዛወዝ የሚያበርደው ሾክ አብዞርበር ለየብቻ የተገጠሙ በመሆናቸው ሞላ መጭመቂያ መሣሪያ አያስፈልግም።

አክስሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚይዙት ከታች ሁለት፣ ከላይ አንድ ኮንትሮል አርሞች (አክስሉን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙ ክንዶች) ሲሆኑ፣ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው ደግሞ አንድ ጫፉ በአክስሉ፣ ሌላው ጫፉ በመኪናው አካል ላይ የታሰረው ፓንሃርድ ባር ነው። ይህ ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ የክብ ቅስት ስለሚከተል፣ አጭር ሞላ ገጥመን መኪናውን ዝቅ ስናደርግ አክስሉ ከመሃል ወደ አንድ ጎን ይገፋል። ስለዚህ መኪናውን ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ለማድረግ የሚያስብ ሰው፣ ርዝመቱ የሚስተካከል ፓንሃርድ ባር ከሞላው ጋር አብሮ ቢገዛ ይሻለዋል። አዲሱ ሞላ ከፋብሪካው የበለጠ ጠንካራ ስለሚሆን፣ ለዚያ ጥንካሬ የተሠራ ሾክ አብዞርበርም ያስፈልገዋል። የኮንትሮል አርሞቹን ቡሺንጎች (በብሎን ቀዳዳዎቻቸው ውስጥ ያሉትን የላስቲክ ማቀፊያዎች) በሙሉ ፖሊዩሪቴን በተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ መቀየርን ግን በመንገድ ላይ ለሚነዳ መኪና አልመክርም፤ አንዱ ጎማ ብቻ ጉብታ ላይ ሲወጣ ቡሺንጎቹ መጠምዘዝ አለባቸውና፣ ሁሉም ከጠነከሩ የአክስሉ እንቅስቃሴ ይታነቃል፣ በአክስሉ መሃል ያለው የማርሽ ክፍል፣ የዲፈረንሻሉም ድምፅ ወደ ውስጥ ይገባል።

መኪናውን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ያቁሙና ከምንም በፊት የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ይደግፉ፤ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ እነርሱ ከመሬት ሲነሡ ምንም አይረዳም። የጎማ ዳዶዎቹን መሬት ላይ ሳሉ ትንሽ ያላሉ። ክሪኩን ከዲፈረንሻሉ ወፍራም ቀልጦ የተሠራ አካል ሥር እንጂ ከስሱ የኋላ ክዳን ሥር አያድርጉ፤ ከዚያም መኪናውን ከኋላ ጎማዎቹ ፊት በሚገኙት የአካሉ መደገፊያ ቦታዎች ላይ በቋሚ ድጋፎች ያሳርፉት። ክሪኩ ብቻ ከያዘው መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ።

ጎማዎቹን ካወጡ በኋላ አክስሉን በክሪኩ ደግፈው የሾክ አብዞርበሮቹን የታች ብሎኖችና የስታቢላይዘር ባሩን (መኪናው ሲታጠፍ እንዳያዘነብል የሚይዘውን ዘንግ) ማያያዣዎች ይፍቱ። የፍሬን ቱቦዎቹና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሽቦዎቹ ከአክስሉ ጋር አብረው ስለሚወርዱ፣ የሚወጠሩ ከሆነ መያዣዎቻቸውን አስቀድመው ይፍቱ፤ የአክስሉ ክብደት በቱቦ ላይ መንጠልጠል የለበትም። አሁን ክሪኩን ቀስ አድርገው ሲያወርዱ ሞላዎቹ ውጥረታቸው ይለቅና በእጅ ይወጣሉ። ከላይና ከታች ያሉትን የላስቲክ መቀመጫዎች አይተው፣ ካልተሰነጠቁ ወደ አዲሶቹ ሞላዎች ያዛውሯቸው፤ የሞላው ጫፍ በመቀመጫው ላይ በትክክል መዋሉንም ያረጋግጡ። የሾክ አብዞርበሩ የላይኛው ዳዶ የሚገኘው ሻንጣ መጫኛው ውስጥ፣ ከጎን ሽፋኑ ጀርባ ነው፤ በሚፈቱበት ጊዜ ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር በሌላ ቁልፍ መያዝ ያስፈልጋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በማጥበቁ ላይ ነው። ቡሺንጎች ያሉባቸው ብሎኖች አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ፣ መኪናው መሬት ሲነካ የቡሺንጉ ላስቲክ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ በዚህም የመኪናው ቁመት ይዛባል፣ ቡሺንጉም ያለ ጊዜው ይቀደዳል። ድፍን አክስል እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም አለው፦ ድጋፎቹን ከአክስሉ ቱቦዎች ሥር፣ በተቻለ መጠን ወደ ጎማዎቹ አስጠግተው ቢያዛውሩ፣ የመኪናው ክብደት በሞላዎቹ ላይ ያርፍና ከመሬት ሳያወርዱት በመንዳት ቁመቱ ላይ ይሆናል። ብሎኖቹን በዚህ ሁኔታ፣ ፋብሪካው ለሞዴሉ ባወጣው ልክ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ያጥብቁ። የአሜሪካ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ በፓውንድ ፉት ስለሚጽፉ፣ ቁልፉ በኒውተን ሜትር ከሆነ ቁጥሩን በ1.36 ያባዙት።

አዲሱ ፓንሃርድ ባር ሲገጠም በመጀመሪያ ርዝመቱን ከአሮጌው ጋር እኩል ያድርጉት። መኪናው መሬት ላይ ሆኖ ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተነዳ በኋላ፣ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ ክብደት ያለው ክር በሁለቱም ጎን አንጠልጥለው ከክሩ እስከ ቸርኬው ጠርዝ ያለውን ርቀት ይለኩ። አንዱ ጎን 30፣ ሌላው 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ አክስሉ መንቀሳቀስ ያለበት የልዩነቱን ግማሽ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሜትር ነው። ዘንጉን አስረዝመው ወይም አሳጥረው እንደገና ይለኩ፤ ከተስተካከለ በኋላ የመቆለፊያ ዳዶዎቹን ማጥበቅ አይርሱ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነዱት በዝግታ ይሁን። ከኋላ የሚንኳኳ ድምፅ ካለ በመጀመሪያ የሾክ አብዞርበሩን የላይኛ ዳዶና የስታቢላይዘር ባሩን ማያያዣዎች ይመልከቱ። ከቆመበት በኃይል ሲነሣ የኋላ ጎማዎቹ የሚዘሉ ከሆነ ግን፣ መኪናው ዝቅ በማለቱ የታችኞቹ ኮንትሮል አርሞች ዝንባሌ ተለውጧል ማለት ስለሆነ፣ የኋላ ጫፋቸውን ወደ ታች የሚያወርድ ተጨማሪ መያዣ አክስሉ ላይ መግጠም ያስፈልጋል። የጎማ ዳዶዎቹንና የፈቷቸውን ብሎኖች ሁሉ ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ በድጋሚ በቶርክ ሬንች ይፈትሹ።