ዲስከስ ዓሣን በጎጃም ብርድ ማኖር፦ ከየት ይጀመር?

ዲስከስ በመስታወት ገንዳ (አኳሪየም) ለውበት የሚረባ ዓሣ ነው፤ አገሩ አማዞን ነው። የለመደው ሞቃትና ለስላሳ ውሃ ነው። ከጣናው ቆሮሶ ዓሣ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው ቢባል ማን ያምናል? ግን ናቸው። ልዩነቱ፣ ዲስከስ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካላገኘ ይታመማል። ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱን ታውቁታላችሁ። ባሕር ዳር ያላችሁ እድለኞች ናችሁ።

መጀመሪያ ገንዳው። ዲስከስ 5 ወይም 6 ሆኖ ነው የሚኖረው። ሁለት ብቻ ከሆኑ ጉልበተኛው ሌላውን ከምግብ ያባርረዋል። ለአንዱ 40 ሊትር አስቡ፤ ለ6ቱ 240 ሊትር መሆኑ ነው። ውሃው ብቻውን 240 ኪሎ ስለሚመዝን ቡፌ ላይ አይቀመጥም። በአንግል ብረት መቆሚያ አሠሩ፤ ከመስታወቱ ሥር ስስ ፎም አንጥፉ። ከታች አሸዋም ጠጠርም አታድርጉ፤ ባዶ ሲሆን ለማጽዳት ይቀላል።

ማሞቂያው ሁለት ይሁን፤ ባለ 200 ዋት ሁለት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያቆያል። ጀርባውንና ጎኑን በፎም ሸፍኑ፤ ክዳንም አይጥፋ። ሙቅ ውሃ ብዙ ኦክስጅን አይዝም፤ ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ነው። ስለዚህ የአየር ፓምፑ ሌት ተቀን ይሥራ። ከእሱ ጋር ስፖንጅ ፊልተር (የውሃ ማጣሪያ) ከተገጠመ ለጀማሪ ይበቃል።

አሁን ትዕግሥት የሚፈትነው ክፍል መጣ። ገንዳውን ሞልታችሁ፣ ሁሉንም አስነስታችሁ፣ ያለ ዓሣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠብቁ። በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል አድርጉበት። ምግቡ ሲበሰብስ ለዓሣ መርዝ የሆነው አሞኒያ ይወጣዋል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደቀነሰ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ስፖንጁ ላይ ቀስ ብለው ይራባሉ። እንደ ጠላ ጥንስስ ነው፤ ጊዜውን ካልጠበቀ አይሆንም። አኳሪየም ያለው ወዳጅ ካላችሁ ከፊልተሩ ቁራጭ ስፖንጅ ለምኑት፤ እርሾ ማለት ነው። በውሃ መመርመሪያው አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሳይል ዓሣ አይገዛም። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በበርሜል 24 ሰዓት አየር እየነፋችሁ አሳድሩት። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ካበጀ ውሃችሁ ጠጣር ነው። ቢሆንም ፒኤች (የውሃውን የአሲድነት መጠን) እያሳደዳችሁ ኬሚካል አትጨምሩ። በገንዳ ተራብቶ ያደገ ዲስከስ ከሚዋዥቅ ውሃ ይልቅ የተረጋጋውን ይወዳል።

ስትገዙ ከ7 ሴንቲ ሜትር ያላነሰውን ምረጡ። ዓይኑ ለሰውነቱ ከበዛ እድገቱ የቀጨጨ ነው። የጠቆረ፣ ጥግ የያዘ፣ ነጭ ክር የመሰለ ኩስ የሚጥል ከሆነ እለፉት። ባለሱቁን በፊታችሁ እንዲመግብላችሁ ጠይቁት። ከአዲስ አበባ የምታመጡ ከሆነ ጎሐ ጽዮን ይበርዳል፣ ዓባይ በረሃ ያቃጥላል፣ ደጀን እንደገና ይበርዳል። የፎም ሳጥን የግድ ነው። ቤት ስትደርሱ መብራት አጥፉ። ከረጢቱን 20 ደቂቃ ያህል ውሃው ላይ አንሳፉ፤ ከዚያ የገንዳውን ውሃ በትንሽ በትንሹ ጨምሩበት። የከረጢቱን ውሃ ግን ወደ ገንዳው አትድፉ።

ምግቡ? የበሬ ልብ። ስቡንና ጅማቱን አውጥታችሁ ፍጩት፣ በስሱ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት። ከዓቢይ ጾም በፊት ግዙ፤ ሉካንዳው ይዘጋል፣ እነሱ ግን አይጾሙም። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ትንሽ ትንሽ ስጡ፤ የተረፈውን በ15 ደቂቃ ውስጥ አውጡ። በሳምንት ሁለት ጊዜ የውሃውን ሲሶ ቀይሩ። አዲሱ ውሃ ሙቀቱ እኩል ይሁን።

የመብራት መጥፋት ነገርም አለ። አንድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። እኔ ተኝቻለሁ። ጠዋት ቴርሞሜትሩ 24 ይላል፤ ስድስቱም ጠቁረው ከታች ተኮራምተዋል። በከሰል ውሃ አፍልቼ፣ በሃይላንድ ሞልቼ፣ ገንዳው ላይ አንሳፈፍኩ። ሁለት ጋቢ ደረብኩበት። ፓምፕ ስለሌለ በጆግ ውሃውን እየቀዳሁ ከላይ እመልሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ቀለማቸው ተመለሰ። በማግስቱ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ገዛሁ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ስለ ጋቢዋ ትጠይቀኛለች።