በካውንቲዎች የብሪጅ ግጥሚያ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በእንግሊዝ አገር በክለቡ ጥሩ ውጤት ሲያስመዘግብ የቆየ የብሪጅ (አራት ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ) ተጫዋች ካውንቲውን፣ ማለትም የአካባቢውን ክልል፣ እንዲወክል ሲመረጥ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰለፈው ስምንት ሰዎች ባሉት ቡድን ውስጥ ነው። የቶለማሽ ዋንጫ የሚባለው የካውንቲዎች ሻምፒዮናም የስምንት ስምንት ተጫዋቾች ውድድር ነው። አንድ ጊዜ የታደሉት 52 ካርታዎች ሳይቀየሩ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ስለሚዞሩ፣ የእርስዎ ውጤት የሚመዘነው የቡድን ጓደኞችዎ በዚያው ዕደላ በተቃራኒው አቅጣጫ ተቀምጠው ካገኙት ጋር ተነጻጽሮ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የክለብ ምሽትን ስሌት ይዞ መምጣት ነው። በክለብ የጥንዶች ውድድር ሌላውን ጥንድ በ10 ነጥብ መብለጥና በ1000 ነጥብ መብለጥ እኩል ዋጋ አላቸው፤ በቡድን ግጥሚያ ግን የነጥቡ ልዩነት ኢምፕ ወደሚባል መለኪያ ይቀየራል። የ10 ነጥብ ልዩነት ምንም አያስገኝም፣ ከ20 እስከ 40 ያለው አንድ ኢምፕ፣ ከ430 እስከ 490 ያለው ደግሞ 10 ኢምፕ ያስገኛል።

ከዚህ የሚመነጨው የመጀመሪያው ጥፋት በጨረታው ወቅት፣ ማለትም ጥንዶቹ ስንት ትሪክ (አራቱም አንድ አንድ ካርታ የሚጥሉበት ዙር) እንደሚያሸንፉ እየጠሩ ውል በሚገቡበት ጊዜ፣ በፍርሃት ቶሎ ማቆም ነው። ሽልማቱም ቅጣቱም ከፍ በሚልበት፣ ቨልነረብል በሚባለው ሁኔታ፣ በአራት ስፔድ ውል (ስፔድ የሚባለው የካርታ ዓይነት ገዢ ሆኖ 10 ትሪክ ለማሸነፍ) 620 ነጥብ ሲገኝ በሌላው ጠረጴዛ ያሉት ተጋጣሚዎች ከጌም (ትልቅ ሽልማት ከሚያስገኘው የውል ደረጃ) በታች ቆመው 170 ብቻ ቢያገኙ፣ ልዩነቱ 450 ስለሆነ ትርፉ 10 ኢምፕ ነው። ውሉ በአንድ ትሪክ ቢከሽፍና እነሱ 140 ቢያገኙ ግን ኪሳራው 6 ኢምፕ ብቻ ነው። ስለዚህ የመሳካት ዕድሉ 40 በመቶ የሆነ ጌም እንኳ ሊጠራ ይገባዋል፤ ወሰኑ 37.5 በመቶ ገደማ ነውና። ቨልነረብል በማይሆኑበት ጊዜ ወሰኑ ወደ 45 በመቶ ከፍ ይላል። ይህን ልዩነት በቃሉ ያልያዘ ተጫዋች፣ በእኔ እምነት፣ ለካውንቲ ግጥሚያ ገና አልተዘጋጀም።

ሁለተኛው ጥፋት ለአንድ ተጨማሪ ትሪክ ሲባል ውሉን አደጋ ላይ መጣል ነው። ሦስት ኖ ትራምፕ (ገዢ የካርታ ዓይነት ሳይኖር 9 ትሪክ የማሸነፍ ውል) በቨልነረብል 600 ነጥብ ያስገኛል፤ ተጨማሪዋ ትሪክ 30 ነጥብ፣ ማለትም አንድ ኢምፕ ብቻ ትጨምራለች። ውሉ ቢከሽፍ ግን ልዩነቱ 700 ይደርስና 12 ኢምፕ ይታጣል። በክለብ ለዚያች ትሪክ መታገል ብልህነት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ካርታዎቹ በመጥፎ ሁኔታ ቢከፋፈሉ እንኳ ውሉን የሚያድነው አጨዋወት ይቀድማል።

ዝቅተኛ ውሎችን በጥርጣሬ ደብል ማድረግም (የተጋጣሚ ውል ይከሽፋል ብሎ ሽልማቱንም ቅጣቱንም የሚያሳድግ ጥሪ) የዚሁ ልማድ ውጤት ነው። ተጋጣሚዎቹ ቨልነረብል ሳይሆኑ ሁለት ስፔድ ጠርተው በአንድ ትሪክ ቢወድቁ፣ ደብሉ ከ50 ወደ 100 ከፍ አድርጎ ቢበዛ 2 ኢምፕ ያተርፋል። ውሉ ከተሳካ ግን በ110 ፈንታ 470 ያገኛሉና 8 ኢምፕ ይታጣል።

ድፍረትም ልክ አለው። ባለ 12 ትሪኩ ስላም ግማሽ በግማሽ ዕድል ካለው በቂ ነው፤ ሁሉንም 13 ትሪክ የሚጠይቀው ግን ከ56 በመቶ በላይ ዕድል ይፈልጋል። ከዚህም በላይ በሌላው ጠረጴዛ ያሉት ትንሹን ስላም እንኳ ላይጠሩ እንደሚችሉ ማሰብ ያስፈልጋል። አንድ ዕደላ እንደተበላሸ የሚሰማው ተጫዋች ጉዳቱን ለማካካስ በቀጣዮቹ ላይ ያልተለመደ ጥሪ ሲያደርግ ቡድኑን ይጎዳል፣ ምክንያቱም ጓደኞቹ በዚያው ዕደላ ያገኙትን ገና አያውቅም።

ካርታውን ከመግለጥ በፊት 13 መሆኑን አለመቁጠርና ከዕረፍት በኋላ በተሳሳተ አቅጣጫ መቀመጥ ቀላል ይመስላሉ። ሆኖም የአንድ ቡድን ጥንዶች በአንድ አቅጣጫ ከተቀመጡ በዚያ ዕደላ የሚነጻጸር ውጤት አይኖርም።

በጨረታው ከሚያስፈልገው ደረጃ በላይ ዘለል ያለ ጥሪ ሲደረግ የማቆሚያ ካርድ ይወጣል፤ ቀጣዩ ተጋጣሚም 10 ሰከንድ ያህል መጠበቅ አለበት። ይህ ጊዜ የተሰጠው የማሰብም ያለማሰብም ምልክት ለአጋር እንዳይተላለፍ ነው። አጋርዎ ለረጅም ጊዜ አመንትቶ ካለፈ፣ ከማመንታቱ በተረዱት ነገር ተመርተው መጥራት በሕጉ የተከለከለ ነው። በዚህም ሆነ በሌላ ጉዳይ ግድፈት መፈጸሙ እንደተጠቆመ ዳይሬክተሩን (የውድድሩን ዳኛ) ወዲያውኑ መጥራት እንጂ በመግባባት ለማለፍ መሞከር አይገባም፤ ዳይሬክተሩን መጥራት ተጋጣሚን መክሰስ አይደለም።

ውጤት ሲነጻጸር የቡድን ጓደኞችን መውቀስ ቀጣዮቹን ዕደላዎች ያበላሻል። በዚያ ሰዓት የሚጠቅመው በግልጽ የተጻፈ የውጤት ወረቀት ነው፦ ውሉ፣ ውሉን የተጫወተው ሰው፣ የመጀመሪያው ካርታና የተገኘው ትሪክ ሁሉ ከተመዘገቡ፣ ለተሳሳተው አቅጣጫ የተመዘገበ ነጥብ ተጋጣሚዎቹ ወደ ቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት ሊታረም ይችላል።