መልህቁ አልይዝ ካለ፦ ሐይቅ ላይ ጀልባ ላላችሁ

ምልክቱን ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል። ከመረቡ ቀና ስትሉ ጀልባዋ ቦታዋ ላይ የለችም፤ መልህቁ ታች እየተጎተተ ነው።

ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ክብደቱን ነው። እኔ የማየው ግን አንድ ነገር ነው፤ ገመዱ ያጥራል። መልህቅ የሚይዘው ጥርሱን ጭቃው ውስጥ ቀብሮ ነው። ጥርሱ የሚቀበረው ደግሞ ወደ ጎን ሲሳብ ነው። ገመዱ ካጠረ፣ ማዕበሉ ጀልባዋን ባነሳት ቁጥር መልህቁ ወደ ላይ ይነቀላል።

አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ መልህቃቸውን ሁለቴ በከባድ ቀይረው መጡ።

«አያ፣ ውሃው ስንት ይጠልቃል?»

«አስር ሜትር።»

«ገመድዎስ?»

«አስራ አምስት። አይበቃም እንዴ?»

አይበቃም! የመጀመሪያውን ቀላል መልህቅ መልሼ 70 ሜትር ገመድ አሰርኩላቸው። በዚያው ሳምንት ንፋስ መጣ፤ ጀልባቸው ንቅንቅ አላለችም።

ልኩ ይሄ ነው፦ ጸጥ ባለ ቀን የጥልቀቱ 5 እጥፍ፣ በንፋስ 7 እጥፍ። ጥልቀቱን ስትለኩ ከውሃው እስከ ጀልባዋ አፍ ያለውን ከፍታ ጨምሩበት። በመልህቁና በገመዱ መሀል ጥቂት ሜትር ሰንሰለት አስገቡ፤ ክብደቱ ገመዱን መሬት ላይ ያስተኛዋል። መልህቁን አትወርውሩት። ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት፣ ጀልባዋ ወደ ኋላ ስትሄድ ገመዱን ልቀቁ፣ መጨረሻ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት። ከዚያ ዳር ላይ አንድ ዛፍና ከኋላው ያለ አንድ ቤት አስተካክላችሁ እዩ። ሁለቱ ከተለያዩ እየተጎተታችሁ ነው።

ገበያ ላይ የሚሸጠውን ርካሽ የፕላስቲክ ገመድ ለዚህ አትግዙ። ውሃ ላይ ይንሳፈፋል! ናይሎን ይሰምጣል፣ ሲሳብም ይለጠጣል። ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አውሉት።

ኮንክሪት አስረው የሚጥሉም አሉ። 20 ኪሎ ኮንክሪት ውሃ ውስጥ ወደ 12 ኪሎ ይወርዳል፤ ጥርስም የለው። በፌሮ የተበየደ መልህቅ ይሻላል፣ ብየዳው ግን ደህና ይሁን። ቀለበቱ ተገንጥሎ ገመድ ብቻ የሳቡ ልጆች አጋጥመውኛል። በጣም ያናድዳል፤ የሰው ሕይወት ነው የተንጠለጠለበት።

መልህቁ ድንጋይ ውስጥ ተቀርቅሮ አልነቀል ካለ፣ በሌላ ጊዜ ታችኛው ጫፉ ላይ ቀጭን ገመድ አስራችሁ ጣሉት፤ በዚያ በኩል ይወጣል።

ገመዱ ጠርዝ ላይ እያለቀ ከሆነ የጎማ ቱቦ አልብሱት።

ጥልቅ ሐይቅ መሀል ላይ መልህቅ አትሞክሩ። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ከሆነ፣ ከ400 ሜትር የማያንስ ገመድ ማን ይዞ ይዞራል? ወደ ዳር ቅረቡና ጣሉ።

ገመዱን ከጀልባዋ ፊት እሰሩ። ከኋላ በፍጹም! ከኋላ ከታሰረች ማዕበሉ ዘሎ ይገባባትና ትሰምጣለች። መልህቅ ስታወርዱ ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ፣ የተጠቀለለው ላይም አትቁሙ። ጨለማ ላይ ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ ቢላዋ አጠገባችሁ ይሁን፤ እግር የያዘ ገመድ በእጅ አይፈታም።