መሬት ላይ የሚቆም ትልቅ ስፒከር ከጎንደር ስትልኩ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ከጎንደር አዲስ አበባ ዕቃ ሲላክ ፍሪጁም ቲቪውም ሶፋውም በሰላም ይገባና ስፒከሩ ብቻ ሞቶ ይደርሳል፣ ይሄ ነገር በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ቀድሞ መከላከል የሚቻል ጉዳት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ካርቶኑ ላይ ጭረት እንኳን አይታይም። ሰው የሚሳሳው ለሳጥኑ መልክ ነው፣ የሚበላሸው ግን ውስጡ ነው። የማወራው አንድ ሜትር አካባቢ ቁመት ስላላቸው የቤት ስፒከሮች ነው፣ ለሰርግና ለጉባኤ የሚከራየው ሞንታርቦ ሌላ ነው፣ እሱ ከፊቱ የብረት ወንፊት ከጎኑ እጀታ ኖሮት በየቀኑ እንዲጫንና እንዲወርድ ታስቦ የተሰራ ነው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ብርድ ልብስ ጠቅልሎ በገመድ አስሮ "በቃ አለቀ" ማለት ነው። ብርድ ልብስ ከጭረት ያድናል እንጂ ከመውደቅ አያድንም። ዎፈሩ፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ክብ፣ ከኋላው ከባድ ማግኔት ተሸክሟል፣ ስፒከሩ ከአይሱዙ ጀርባ ሲወርድ ትንሽ አምልጦ በታችኛው ጫፍ መሬት ቢመታ ሳጥኑ ወዲያው ይቆማል ማግኔቱ ግን መሄዱን መቀጠል ይፈልጋል፣ ያኔ የያዘው ብረት ይጎብጣል ወይ ማግኔቱ ራሱ ከቦታው ሸርተት ይላል። ማግኔቱ መሃል ያለው የሽቦ ጥቅል (ኮይሉ) የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ደግሞ በየጎኑ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። ስለዚህ በዓይን የማይታይ ትንሽ መንሸራተት ይበቃዋል። እንዲህ የሆነ ስፒከር ሲደርስ ምንም አይመስልም፣ ግን የሁለት እጃችሁን ጣቶች በኮኑ (ከፊት በሚርገበገበው ክፍል) ዙሪያ እኩል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ስትገፉት አሸዋ እንደገባበት ነገር ክርክር ይላል። ጤነኛው ድምፅ የለውም፣ ለስለስ ብሎ ሄዶ ይመለሳል። ከመላካችሁ በፊት ይህን አንዴ ሞክሩት፣ ጤነኛው ምን እንደሚመስል ጣታችሁ ይወቀው።

ታድያ ስፖንጅስ? የፍራሽ ስፖንጅም ስህተት ነው፣ 30 ኪሎ ሲያርፍበት ተጨፍልቆ ያልቃል፣ ምቱን የሚቀበልበት ነገር አይተርፈውም። ጠንከር ያለ ፎም ነው የሚያስፈልገው፣ ጅም ቤት ወለል ላይ የሚነጠፈው አይነት ደርቦ መጠቀም ይቻላል፣ የቲቪ ካርቶን ውስጥ ያለው ነጩም ይሰራል ግን አንዴ ከተሰነጠቀ አቅም የለውም። በየጎኑ ቢያንስ 5 ሴንቲ፣ ከታችና ከላይ ከዛ በላይ። ተጨማድዶ የተሞላ ጋዜጣ ደግሞ መንገድ ላይ እየተጠቀጠቀ ይወርድና ስፒከሩ ውስጥ ለውስጥ መዋኘት ይጀምራል። ካርቶኑን ዘግታችሁ ስትነቀንቁት ከውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ገና አልታሸገም ማለት ነው።

ኦሪጅናል ካርቶኑን ያልጣለ ሰው ግማሽ ሥራው ቀሎለታል። የጣለ ሰው እዛው ጎንደር ፒያሳ ካሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የፍሪጅ ካርቶን ለምኖ በስፒከሩ ልክ ቆርጦ ሁለት ድርብ ያድርገው።

ሦስተኛው ስህተት ከፊት በኩል ነው። ብዙ ሰው ዎፈሩ ላይ ትራስ ወይ ልብስ ይደግፋል፣ ጥሩ ያደረገ ይመስለዋል፣ ግን መኪናው በነጠረ ቁጥር ትራሱ ኮኑን ይገፋዋል። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ትዊተር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፣ ብረት ከሆነ ትንሽ ተጫን ብሎ ከገባ ወደ ነበረበት አይመለስም። የፊቱ ጨርቅ አይከላከልም እንዴ ለምትሉ፣ አይከላከልም፣ በማግኔት የተያዘ ከሆነ ራሱ ወልቆ የሚወጋው እሱ ነው፣ አውልቃችሁ ለብቻው ጠቅልሉት። ትክክለኛው አሰራር ከፊቱ ስፋት ጋር እኩል የሆነ ቀጭን ኮምፔርሳቶ ቆርጦ በአራቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ፎም ለጥፎ ማስደገፍ ነው። መሃሉ ባዶ ይሁን፣ ዎፈርና ትዊተሩን ምንም ነገር አይንካቸው፣ በተለይ እዚህ ላይ አደራ እላለሁ።

ከስር ያሉትን ሹል እግሮች አለመፍታት ሌላው ነው፣ ካርቶኑን ይበሱታል፣ የታችኛውን እንጨትም ይገነጥሉታል። ካቻቢቴ ይዞ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። እና እባካችሁ የፈታችሁትን ብሎን ወይ ኬብል በባሱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አትክተቱት፣ ውስጥ ያለውን ክሮስኦቨር (ድምፁን ለዎፈርና ለትዊተር የሚያከፋፍለውን ሰርኪት) እየደበደበ ነው አዲስ አበባ የሚደርሰው።

ፕላስተር በቀጥታ እንጨቱ ላይ መለጠፍም አይሆንም፣ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። አረፋ ፕላስቲኩንም በቀጥታ አታልብሱት፣ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሙቀት ላይ የአረፋው ክብ ክብ ምልክት ሊቀርበት ይችላል፣ አባይ በረሃ ደግሞ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ንጹህ አቡጀዴ፣ ከዛ ፕላስቲክ፣ ከዛ ፎም። ክረምት ላይ ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ በደንብ ይዘጋ፣ የብዙዎቹ ሳጥን ኤምዲኤፍ (ተፈጭቶ የተጨመቀ እንጨት) ነው፣ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ መመለሻ የለውም። የመኪናውን ሸራ ብቻ አትመኑ።

አጫጫኑ ላይ ረዳቱ "አይዞህ ወንድማለም ምንም አይሆንም" ይልሃል፣ ልቡ ጥሩ ነው ግን እሱ የሚያስበው ስለ ማሰሪያው ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፣ አባይ ሸለቆ ላይ ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጭነቱ ሁሉ ወደፊት ይገፋል። ከኋላ ጎማ ወዲያ ያለው የጭነት ቦታ በጣም ይነጥራል፣ ስለዚህ ወደ ጋቢናው ጠጋ ተደርጎ ቆሞ ከግድግዳው ጋር ይታሰር። ማሰር ካልተቻለ በጀርባው ተኝቶ ፊቱ ወደ ላይ፣ ላዩ ላይ ምንም ሳይጫን። በፊቱ ማስተኛት በፍጹም። አውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ መጫኑን እኔ አልመክርም። በአውሮፕላን ካሰባችሁ ደግሞ ትልልቅ ማግኔት እንዳለው ቀድማችሁ ተናገሩ፣ በአየር ጭነት ማግኔት የራሱ ደንብ አለው።

ሁለቱን ስፒከር አንድ ሳጥን ውስጥ መክተት ጫኝና አውራጆቹን አቅም አሳጥቶ ማስጣል ነው። ለየብቻ ይታሸግ፣ ኪሎው ላዩ ላይ ይጻፍ፣ "ለሁለት ሰው" ተብሎም ይጻፍ። "ተሰባሪ" የሚል ጽሑፍ ብቻውን ማንንም አያስቆምም፣ እንደሚወድቅ አስባችሁ እሸጉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር። አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ውስጡ የሌለው ስፒከር ከሆነ ከኋላው ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን በአጭር ሽቦ አገናኙት። ኮኑ ሲወዛወዝ ኮይሉ ራሱ ትንሽ ከረንት ያመነጫል፣ መንገዱ ሲዘጋለት ያ ከረንት መልሶ ኮኑን ይይዘዋል፣ እንደ ልቡ አይወዛወዝም። ሽቦው ግን አምፕ ከመገናኘቱ በፊት የግድ መነሳት አለበት፣ አለዚያ አምፑን ሾርት ያደርገዋል። ስለዚህ በትልቁ ጽፋችሁ መሰኪያው ላይ ለጥፉት፣ ለተቀባዩም ደውላችሁ ንገሩት።

ከመታሸጉ በፊት እየሰራ በቪዲዮ ቅዱት፣ ሲሪያል ቁጥሩም ይታይ። ተቀባዩ ደግሞ ሹፌሩ ሳይሄድ ካርቶኑን በአራቱም በኩል ፎቶ ያንሳ፣ ስፒከሩን ቀስ አድርጎ ጋደም ሲያደርገው ከውስጥ የሚንኳኳ ነገር ካለ አያብራው፣ መጀመሪያ ባለሙያ ይየው። ከዝናብና ከብርድ ከገባ ሳይበራ ጥቂት ሰዓት ይቆይ። ማሸጊያውን ሁለቱም ስፒከር በደንብ ተሰምተው እስኪረጋገጥ ድረስ አይጣል።