የጎርፍና የካልሲየም ሙከራ አልሠራ ሲል

የጎጃም ደጋ ቀይ አፈር አሲዳማ እየሆነ መምጣቱን ገበሬው ከገብሱና ከባቄላው አይቶታል። አንዱ ምክንያት ውሃ ካልሲየሙን ይዞት መሄዱ ነው። የተሸረሸረና ያልተሸረሸረ ማሳ አፈር አወዳድሬ፣ ወይም የወረደውን ውሃ ለክቼ ይህን በሙከራ አሳያለሁ ብሎ የተነሳ ተማሪ ወይም የልማት ሠራተኛ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው በሚከተሉት ላይ ነው።

ኮምጣጤ ጠብ ብናደርግበትም አፈሩ አልፈላም

ኮምጣጤ የሚያፈላው የኖራ ድንጋይን ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ያለው የኖራ ድንጋይ ላይ ብታደርጉት ሽሽ ይላል። የእንጅባራ ቀይ አፈር ላይ ግን ዝም። ይህ ማለት ካልሲየም የለውም ማለት አይደለም። ያለው ካልሲየም በሸክላው ቅንጣትና በብስባሹ ላይ ተጣብቆ ነው። ስለዚህ ኮምጣጤውን ለሰላጣ ተዉትና ናሙናውን ወደ አፈር ላቦራቶሪ ላኩ። «ተለዋዋጭ ካልሲየም» ብላችሁ ጠይቁ፤ ይህ ያ የተጣበቀው ካልሲየም ነው። ፒኤችም (የአሲዳማነቱ መለኪያ) አብሮ ይለካ።

የተሸረሸረውና ያልተሸረሸረው ማሳ እኩል ቁጥር አመጡ

በጣም የሚያናድደው ይሄ ነው። መጀመሪያ ጥልቀቱን ተጠራጠሩ። ጎርፍ በአንድ ክረምት የሚልጠው ስስ የላይ አፈር ነው። እናንተ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ስትደባልቁት ልዩነቱ ይጠፋል። ከላይ ያለውን 5 ሴንቲ ሜትር ለብቻ ውሰዱ። ከአንድ ጉድጓድ ሳይሆን ከ10 እስከ 15 ቦታ እየተዘዋወራችሁ ለቅማችሁ ባልዲ ውስጥ አዋህዱት።

ከዚያም በኋላ እኩል ከሆነስ? በኪሎ እኩል ሆኖ መሬቱ ግን ሊደኸይ ይችላል፣ ምክንያቱም ኪሎው ራሱ ሄዷል። ላቦራቶሪው 5 ሴንቲሞል ቻርጅ በኪሎ (የተለዋዋጭ ካልሲየም መለኪያ አሃድ ነው) ብሎ ከጻፈ፣ በኪሎ አፈር 1 ግራም ገደማ ካልሲየም ነው። ከ1 ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር አፈር ከተነሳ 10 ሜትር ኩብ፣ በክብደት ወደ 10 ቶን ይሆናል። በእሱ ላይ 10 ኪሎ ካልሲየም ተሳፍሮ ወረደ ማለት ነው። የጠፋውን አፈር ሳትመዝኑ የካልሲየሙን ኪሳራ አታገኙትም።

የወረደው ውሃ ውስጥ ካልሲየም አልተገኘም

ውሃው እስኪጠራ ጠብቃችሁ የላዩን ነው የለካችሁት። ካልሲየሙ በአብዛኛው ከታች በዘቀጠው ደለል ላይ ነው። ደለሉን አድርቁ፣ መዝኑ፣ ለብቻው አስመርምሩ። አፈሩን ትሪ ላይ አድርጋችሁ ውሃ በማፍሰስ የምትሞክሩ ከሆነ ደግሞ በላይ የሚፈሰውንና ወደ ታች ሰርጎ የሚወጣውን ውሃ በሁለት ዕቃ ተቀበሉ። ሰርጎ የሚወጣው ጥርት ያለ ውሃ አፈር ባይወስድም የሟሟ ካልሲየም ይወስዳል። ሁለቱን ካቀላቀላችሁ የትኛው ምን ወሰደ የሚለው አይለይም።

ውሃው ውስጥ የተገኘው ካልሲየም ከመጠን በላይ በዛ

የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ የራሱ ካልሲየም አለው። በንጹሕ ዕቃ የተያዘ የዝናብ ውሃ ተጠቀሙ፤ ከሌለ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል። ሻጩን ደግማችሁ ጠይቁ፣ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጣችሁ።

የተሸረሸረው ቦታ የበለጠ ካልሲየም አመጣ

ይህ ያጋጥማል። የላይኛው አፈር ሲነሳ ከሥር ያለው ድንጋይ ቀርቦ ከሆነ፣ የሚበሰብሰው ጥቁር ድንጋይ ራሱ ካልሲየም ይሰጣል። ጉድጓድ ቆፍራችሁ የአፈሩን ንብርብር ዓይታችሁ ወስኑ። ግን ከዚያ በፊት አመድን ጠርጥሩ። ለቤት የቀረበ ማሳ ላይ ለዓመታት የምድጃ አመድ ይደፋል፣ አመድ ደግሞ ካልሲየም የሞላበት ነው። እርከን ያለበት ማሳም እንዲሁ ያሳስታል፦ ከካቡ በላይ ደለል ይከማቻል፣ ከካቡ ሥር ደግሞ ይላጣል። ሁለቱን በአንድ ባልዲ አትቀላቅሉ።

የዘንድሮው ከአምናው በእጅጉ ተለያየ

ናሙናውን አንዴ ግንቦት ላይ፣ አንዴ ጥቅምት ላይ ከወሰዳችሁ አታወዳድሩት። ወሩን አንድ አድርጉ፣ አፈሩን በጥላ አድርቁ። ባለማሳውንም «ኖራ በትነውበታል ወይ? መቼ?» ብላችሁ መጠየቅ አትርሱ።