ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፦ የሊፍ ሹተር ሌንስ አጠቃቀም በሚዲየም ፎርማት ካሜራ

ጥር ሲገባ ሙሽሮች ለፎቶ ወደ ሱሉልታ ሜዳ፣ ወደ እንጦጦ ባህር ዛፍ፣ ወደ ለገጣፎ ዳርቻ ይወጣሉ። ለብርሃን የሚመቸው ማለዳ ወይም አመሻሽ ነው፤ የሠርግ ፕሮግራም ግን ብዙ ጊዜ የሚፈቅደው ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ያለውን ነው። በዚያ ሰዓት ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ነጩ ቀሚስ ያንጸባርቃል፣ ፊት ደግሞ ከቀሚሱ አንጻር ይጠቁራል። መፍትሔው ጥላውን በፍላሽ መሙላት ነው። በሚዲየም ፎርማት (ከተለመደው 35 ሚሊ ሜትር ሰፋ ያለ ፊልም በሚወስድ) ካሜራ ይህን በቀላሉ የሚያስችለው ሊፍ ሹተር ያለው ሌንስ ነው።

ሹተር ፊልሙ ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ የሚወስን መዝጊያ ነው። ሊፍ ሹተር ማለት ሌንሱ ውስጥ የተቀመጡ ስስ የብረት ቅጠሎች ናቸው። ከመሐል ወደ ዳር ይከፈታሉ፣ ተመልሰው ይዘጋሉ። ሌላው ዓይነት ሹተር ከፊልሙ ፊት የሚሮጥ መጋረጃ ነው። መጋረጃው ፊልሙን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚገልጠው በዝግተኛ ፍጥነት ብቻ ስለሆነ፣ ፍላሽ በፈጣኑ ቢበራ የፎቶው ከፊል ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ፔንታክስ 67 በመጋረጃ ሹተሩ ከፍላሽ ጋር የሚገጥመው እስከ 1/30 ሰከንድ ድረስ ነው። ሃሰልብላድ 500 ሲ/ኤም፣ ሮሌይፍሌክስና ብሮኒካ ኤስኪው ግን እስከ 1/500፣ ማሚያ አርቢ67 እስከ 1/400 ድረስ በየትኛውም ፍጥነት ከፍላሽ ጋር ይገጥማሉ።

ፊልም ከመግባቱ በፊት

ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ የተቀመጠ ሌንስ ከሆነ፣ ባዶውን ካሜራ ከ20 እስከ 30 ጊዜ እየወጠሩ (ሹተሩን ለመተኮስ እያዘጋጁ) ይተኩሱ። ከዚያ ማጋዚኑን (ፊልሙ የሚቀመጥበትን ተነቃይ ሣጥን) ወይም የኋላ ክዳኑን ያንሱና ካሜራውን ወደ ሰማይ አዙረው (ወደ ፀሐይ ሳይሆን) ከኋላ ይመልከቱ። ቅጠሎቹ ክብ ሆነው መከፈትና ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለባቸው። የሚያብረቀርቅ የዘይት ምልክት ካለባቸው ጠጋኝ ያስፈልጋቸዋል። በራስዎ ዘይት ፈጽሞ አይጨምሩ፤ አንድ ጠብታ ዘይት ቅጠሎቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል።

ፍላሹን ሲያገናኙ ሽቦው የሚገባው ሌንሱ ላይ ባለችው ትንሽ ክብ ቀዳዳ ነው። አጠገቧ ኤም፣ ኤክስ እና ቪ የተጻፈባት ማንሻ ካለች ኤክስ ላይ ትሁን። ኤም ለድሮዎቹ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚበሩ አምፖሎች የተሠራ ነው። አምፖሉ እስኪደምቅ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ኤም ላይ ፍላሹ የሚታዘዘው ቅጠሎቹ ከመከፈታቸው ቀድሞ ነው። የዛሬው ኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ግን ወዲያው በርቶ ስለሚጠፋ ቅጠሎቹ ሲከፈቱ ብርሃኑ አልቋል። በዓይን ፍላሹ ሲበራ ይታያል፤ ፊልሙ ላይ ግን ምንም የለም። ቪ ሰዓት ቆጥሮ ማንሻ ነው፤ በአሮጌ ሌንስ ላይ ሲሠራ መሐል ላይ ቆሞ መቅረት ስለሚወድ ባይነኩት ይሻላል።

መግጠሙን ለማረጋገጥ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ሹተሩን 1/500 ያድርጉ፣ ፍላሹን ወደ ነጭ ግድግዳ አዙረው ከካሜራው ኋላ እያዩ ይተኩሱ። ሙሉ ክብ ብርሃን ከታየ ደህና ነው። ኮከብ የመሰለ ወይም የደበዘዘ ቅርጽ ከታየ ፍላሹ ዘግይቷል። ሽቦ አልባ ማስተላለፊያ ሲጠቀሙ ይህ ያጋጥማል፤ ወደ 1/250 ይውረዱ ወይም በሽቦ ይሥሩ።

ሂሳቡ

አይኤስኦ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ ነው፤ ኤፍ የአፐርቸሩ ቁጥር ሲሆን ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል። ደመና በሌለበት ቀን፣ በአይኤስኦ 100 ፊልም፣ ፀሐይ የምትመታው ነገር 1/125 በኤፍ 16 ይፈልጋል። ይህ ከ1/500 በኤፍ 8 ጋር እኩል ነው፤ ከ1/30 በኤፍ 32 ጋርም እንዲሁ። ለፀሐይዋ ሦስቱም አንድ ናቸው። ለፍላሹ ግን በጣም ይለያያሉ። ፍላሽ ከሹተሩ እጅግ አጭር ስለሆነ የሚነካው አፐርቸሩ እንጂ የሹተሩ ፍጥነት አይደለም።

ጋይድ ነምበሩ (በአይኤስኦ 100 የፍላሹ የአቅም ቁጥር) 32 የሆነ ተራ ፍላሽ እንውሰድ። 32ን ለኤፍ ቁጥሩ ስናካፍል ፍላሹ የሚደርስበትን ርቀት በሜትር እናገኛለን። በኤፍ 32 አንድ ሜትር፣ በኤፍ 16 ሁለት ሜትር፣ በኤፍ 8 አራት ሜትር። አንድ ሜትር ላይ ሙሽራና ሙሽሪት ከነቬላቸው አይገቡም፤ አራት ሜትር ላይ በደንብ ይገባሉ። ሊፍ ሹተር የሚገዛበት ምክንያት ይኸው ነው።

መስክ ላይ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦

1. ሹተሩን 1/500፣ አፐርቸሩን ኤፍ 8 ያድርጉ። የብርሃን መለኪያ ካለ፣ ፀሐይ በሚመታው ቦታ ይዘው ንባቡ ከዚህ አለመለወጡን ይዩ።
2. ርቀቱን ከሌንሱ ላይ ያንብቡ። ምስሉን ሲያጠሩ ሜትሩ ሌንሱ ቀለበት ላይ ይታያል።
3. የፍላሹን ኃይል ከፀሐይዋ አንድ ስቶፕ (በግማሽ) አሳንሱ። አራት ሜትር ላይ ግማሽ ኃይል፣ 2.8 ሜትር ላይ ሩብ ኃይል ማለት ነው። እኩል ከሆነ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ፍላሽ መሆኑም ያስታውቃል።
4. ፍላሹን ከካሜራው ነጥለው ከፊት ከፍታ ትንሽ ከፍ አድርገው በጎን ያስይዙ። ሽቦው ሦስት ሜትር ቢሆን ረዳት ለመንቀሳቀስ አይቸገርም።
5. ተኩሰው ፍላሹ እስኪሞላ ይጠብቁ። መብራቱ እንደበራ ወዲያው ሳይሆን ሁለት ሦስት ሰከንድ ጨምረው።

አይኤስኦ 400 ፊልም ለዚህ ሥራ አይመችም። በ1/500 እንኳ ኤፍ 16 ስለሚጠይቅ ፍላሹ ወደ ሁለት ሜትር መቅረብ ያለበት ይመስላል፤ ፊልሙ የፍላሹን አቅም በእጥፍ ስለሚያሳድገው ቁጥሩ እንደገና ወደ አራት ሜትር ቢመለስም፣ ከኋላ ያለው ሜዳና ሰው ሁሉ እንደ ፊቱ ጠርቶ ይወጣል። የኋላውን ማደብዘዝ ከተፈለገ በአይኤስኦ 100 ፊልም ሌንሱ ላይ ኤንዲ 8 (ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ) ማጣሪያ ይግጠሙ። ሦስት ስቶፕ ስለሚቀንስ 1/500 በኤፍ 2.8 ይሆናል። ማጣሪያው የፍላሹንም ብርሃን እኩል ስለሚቀንስ የፍላሹ ሂሳብ በኤፍ 8 እንደነበረው ይቀጥላል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ቅጠሎቹ ከመሐል ስለሚከፈቱ ጠባብ አፐርቸር ቀድሞ ይገለጣል፣ ዘግይቶ ይሸፈናል። ስለዚህ 1/500 በኤፍ 16 ወይም በኤፍ 22 ከተጻፈው ትንሽ የበለጠ ብርሃን ያስገባል። ለኔጌቲቭ ፊልም ችግር የለውም፤ ለስላይድ ፊልም ግን ከሲሶ እስከ ግማሽ ስቶፕ ቀንሱ።

ሌንስ ሲቀየር

ሃሰልብላድ ላይ አብዛኛው መቆለፍ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሌንሱም ካሜራውም ተወጥረው ካልተጋጠሙ ይጣበቃሉ። ሁልጊዜ መጀመሪያ ማጠንጠኛውን ሙሉ ዙር ያዙሩ፣ ከዚያ ሌንሱን ያውልቁ። የወለቀውን ሌንስ ከኋላ ሲያዩት ትንሽ የካቻቢቴ መግቢያ ያለባት ዘንግ አለች፤ መግቢያዋ ከቀይ ነጥቡ ጋር ከተገጣጠመች ተወጥሯል። ካልተገጣጠመች በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወይም በሳንቲም፣ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ፣ ቀጭ እስክትል ድረስ ቀስ ብለው ያዙሯት። ሌንሱ ካሜራው ላይ እንዳለ ከተቆለፈ በጉልበት አይታገሉ፤ ማጋዚኑን አንስተው ለጠጋኝ ይስጡት።

ሌላው መቆለፍ የሚመስል ነገር ዳርክ ስላይዱ (ፊልሙን ከብርሃን የሚከልለው ስስ ሳህን) ነው። ማጋዚኑ ላይ ሳይወጣ ካሜራው አይተኩስም። ብልሽት መስሎ ሲታይ መጀመሪያ ይህን ይዩ። በተጨማሪም ከ1/8 በሚዘገዩ ፍጥነቶች ሹተሩ ድምፁን ጨርሶ እስኪዘጋ ጣትዎን ከመተኮሻው ላይ አያንሱ፤ ካነሱ የኋላው መዝጊያ ቀድሞ ይዘጋና ፎቶው ይጨልማል።

በኅዳር አውድማ አጠገብ የሚሠራ ሰው ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ሌንስ ይቀይር፤ ገለባና አቧራ መስታወቱ ላይ ከተቀመጠ በእጅ ማንሳት ያስቸግራል።

ማለዳ ብርድ ላይ

እንጦጦ ላይ ማለዳ ብርዱ ይከብዳል፣ አሮጌ ቅባትም በብርድ ይወፍራል። ምልክቱ ዝግተኛዎቹ ፍጥነቶች ላይ ይታያል፤ 1 ሰከንድ ላይ የጥርሶቹ ድምፅ ሲጎተት ወይም መሐል ላይ ሲያቆም። በስልክ ድምፅ እየቀዱ 1፣ 1/2፣ 1/4 እና 1/8ን በየተራ ይተኩሱ፤ እያንዳንዱ ከቀዳሚው ግማሽ ያህል መሆን አለበት። ካልሆነ ሌንሱን እስከ ሥራው ሰዓት ድረስ ጃኬት ውስጥ ይያዙት። ከሞቀም በኋላ የሚጎተት ከሆነ ማጽዳት ያስፈልገዋል፤ እስከዚያው ግን ዝግተኛዎቹን ትተው በፈጣኖቹ መሥራት ይቻላል።