ዘፈኑ ነው የፈጠነው ወይስ የምንሰማበት ሁኔታ?

ስቱዲዮ ውስጥ ልክ የነበረ ዘፈን በስልክ ሲከፈት የሚሮጥ፣ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የሚጎተት ይመስላል። ብዙ ሰው ያኔ ቴምፖውን (የምቱን ፍጥነት) ለመለወጥ ይቸኩላል። በቅድሚያ መጣራት ያለበት ግን ፍጥነቱ በእርግጥ ተለውጦ እንደሆነ ነው፤ ይህን የሚፈርደው ደግሞ ሰዓት እንጂ ጆሮ አይደለም።

የስልክዎን ሰዓት መያዣ ያዘጋጁና ዘፈኑን ይክፈቱ። አንዱ ምት ላይ «ዜሮ» ብለው ያስጀምሩት፣ 40 ሲደርሱ ያቁሙት፣ 2400ን ለወሰደው ሴኮንድ ያካፍሉ። 20 ሴኮንድ ከሆነ 120 ምት በደቂቃ፣ 24 ከሆነ 100 ነው። ከ«አንድ» የጀመረ ሰው የሚይዘው 39 ክፍተት ብቻ ስለሆነ ዘፈኑን ወደ 2.5 በመቶ አፍጥኖ ያነበዋል። የጣት መዘግየትም ስላለ ሦስት ጊዜ ለክተው መካከለኛውን ይውሰዱ። ከ2 በመቶ ያነሰ ልዩነትን አብዛኛው ጆሮ አይለየውም፤ እሱ ላይ መጨቃጨቅ ትርፍ ነው።

ችክችካ ከሆነ የትኛውን ምት እንደሚቆጥሩ አስቀድመው ይወስኑ። ችክችካ በሚሄድበት በ6/8 አንድ ባር (አንድ የምት ዙር) ውስጥ ስድስት ትንንሽ፣ ሁለት ትልልቅ ምቶች አሉ፤ እግር የሚከተለው ትልልቆቹን ነው። የቴምፖ መለኪያ አፖች ግን ስድስቱን ሁለት ሁለት አድርገው ባሩን በሦስት ሊከፍሉት ይችላሉ፤ ያኔ 120 የሆነው 180 ተብሎ ይወጣል። የአፑ ቁጥር የእርስዎን አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ከሆነ የተሳሳተው የአፑ አቆጣጠር ነው።

ልኬቱ ከዋናው ቅጂ ጋር ካልገጠመ ፍጥነቱ በእርግጥ ተለውጧል። ይህ በብዛት የሚያጋጥመው ከካሴት በተገለበጡ የቆዩ ዘፈኖች ላይ ነው። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር መሄድ አለበት። የላላ ቺንጋ፣ የደከመ ባትሪና የቆሸሸ የጎማ ሮለር ያዘገዩታል፤ በዘገየ ማሽን የተቀረጸ ደግሞ በደህና ማሽን ሲከፈት ይፈጥናል። ምልክቱ ቃናው ነው። ቴፕ ሲፈጥን ድምፁም አብሮ ይቀጥናል፣ ወደ 6 በመቶ የሚሆን ፍጥነት ግማሽ ቃና ከፍ ያደርገዋል። የናሙና መጠኑ (ሳምፕል ሬቱ) 44.1 ኪሎኸርዝ የሆነ ዲጂታል ፋይል በ48 ሲነበብም እንዲሁ ነው፤ 8.8 በመቶ ይፈጥናል፣ ቃናውም ይወጣል። ፍጥነቱ ተለውጦ ቃናው ካልተነካ ግን ምናልባት የማጫወቻው የፍጥነት ምርጫ 1.25 ላይ ቀርቶ ይሆናል።

ማወዳደሪያ ዋና ቅጂ ከሌለስ? «እምም» የሚለውን የመብራት ድምፅ ይፈልጉ። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በመብራት በሚሠራ መሣሪያ የተቀረጸ ቴፕ ሥር 50 ወይም 100 ኸርዝ ላይ ይህ ድምፅ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ካለው ጸጥታ ቢያንስ ሁለት ሴኮንድ ይምረጡና ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ስፔክትረሙን (በየትኛው ኸርዝ ላይ ምን ያህል ድምፅ እንዳለ የሚያሳየውን ሥዕል) ያውጡ። የመለኪያውን መጠን (Size) 65536 ያድርጉት። 1024 ላይ ከተተወ አንዱ ነጥብ ከሌላው 43 ኸርዝ ስለሚርቅ 50ን ከ53 መለየት አይችልም። ጉብታው 53 ላይ ከወጣ ቴፑ 6 በመቶ ፈጥኗል፤ ፍጥነቱን በ0.943 ያባዙ። ሲያርሙ ፍጥነትንና ቃናን አንድ ላይ የሚለውጠውን ይምረጡ፤ ቴምፖን ብቻ የሚለውጠው ዘፋኙን እንደቀጠነ ይተወዋል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ካሴቱ ሳይዞር፣ ገመዱ ብቻ ተሰክቶ እያለ «እምም» ካለ ድምፁ የራስዎ ገመድ ነው፤ ሁልጊዜም 50 ስለሚያሳይ ስለ ቴፑ ምንም አይነግርዎትም። በባትሪ በተቀረጸ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ያኔ ቃናው ቋሚ የሆነ ኪቦርድ ወይም አኮርዲዮን ካለበት የሱን ቃና ይለኩ። ማሲንቆና ክራር ለዘፋኙ ድምፅ ስለሚቃኙ መመዘኛ አይሆኑም።

ሰዓቱ ልክ ነው ብሎ ጆሮ አልቀበል ሲል ነው ወደ ማዳመጫ ሁኔታው የሚኬደው።

የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም። የከበሮው «ዱም» እና ባስ ጊታሩ ይጠፉና ጭብጨባው፣ ሃይሃቱ (የድራሙ ጥንድ ጸናጽል) እና የክራሩ ግርፍ ይቀራሉ። ጆሮ የሚይዘው ትልቅ ምት ሲያጣ ትንንሾቹን ስለሚከተል ዘፈኑ የሚሮጥ ይመስላል። ለማጣራት በደህና የጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ እግርዎን ይምቱ፣ ከዚያ ወደ ስልኩ ይቀይሩ፤ እግርዎ ከከበሮው ለቆ ወደ ሃይሃቱ ከሄደ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሚክስ የሚያደርጉ (የዘፈኑን ድምፆች የሚያመጣጥኑ) ከሆነ ቴምፖውን ትተው የከበሮውን የመምቻ ድምፅ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ባለው ላይ በ2 ወይም 3 ዴሲቤል ከፍ ያድርጉት፣ ባሱ ላይም በትንሽ ስፒከር እንዲሰማ ትንሽ ሳቹሬሽን (ቀጫጭን ድምፆችን የሚጨምር ቀላል መሻከር) ይጨምሩ።

አዳራሽ ተቃራኒውን ያደርጋል። በ120 አንድ ምት ግማሽ ሴኮንድ ነው፤ ድምፁ ሦስት ሴኮንድ በሚያስተጋባ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የስድስት ምት ቅሪት ተደራርቦ ይሰማል። የምቱ ጠርዝ ስለሚደበዝዝ ሙዚቃው ይከብዳል። አንድ ጊዜ ጮክ ብለው አጨብጭበው እስኪጠፋ ይቁጠሩ። ከሁለት ሴኮንድ ካለፈ ከበሮው ላይ ያለውን ሪቨርብ (በመሣሪያ የተጨመረ ማስተጋባት) ያጥፉ፣ ስፒከሮቹን ወደ ሕዝቡ ያስጠጉ፤ ፈጣኖቹን ዘፈኖች ደግሞ በ120 ፋንታ በ115 ይሞክሯቸው። አዳራሹ ሰው ሲሞላ ማስተጋባቱ ስለሚቀንስ በባዶው የወሰኑትን እንደገና ይፈትሹ።

ባንዱን በእርግጥ የሚያዘገየው ግን የኋለኛው ረድፍ ጭብጨባ ነው። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 34 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ምቱን 0.1 ሴኮንድ ዘግይቶ ይሰማል፣ ጭብጨባው ለመመለስ ሌላ 0.1 ይወስዳል። ለድራመሩ የሚደርሰው ወደ ግማሽ ምት የሚጠጋ ዘግይቶ ነው። ሊጠብቀው ከሞከረ ቴምፖው እየወረደ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጆሮው ላይ ክሊክ (ቴምፖውን የሚጠብቅ የ«ቲክ» ድምፅ) ይኑረው፣ ጭብጨባውን አይከተል።

ሁለት ቅጂ ሲያወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል ያድርጉ፤ ጮክ ያለው ብዙ ጊዜ የፈጠነ ይመስላል። ከፈጣን ዘፈን ቀጥሎ የተሰማም የተጎተተ ይመስላልና በመሃል ጥቂት ደቂቃ ጸጥታ ይኑር። ሰውነትም ያሳስታል። ሰው ስፖርት ከሠራ በኋላ የሚያውቀውን ዘፈን ፈጠን አድርጎ ይመርጣል፤ ልቡ እየመታ የቴምፖ ውሳኔ ባይሰጥ ይሻላል። በመጨረሻ ቴምፖውን መለወጥ ግድ ከሆነ አንዱን እንደነበረ፣ ሌላውን በ4 በመቶ ቀይረው ያውጡ። የፋይሎቹን ስም ሌላ ሰው «ሀ» እና «ለ» ብሎ ይደብቅልዎት፤ በተለያየ ቀን፣ በስልክም በትልቅ ስፒከርም ሰምተው ይምረጡ።